የሚጡ ፋይል

መሥሪያ ቤታችን የድጋፍና የጡረታ መሥሪያ ቤት ነው። ሰው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ከሥራ ሲፈናቀል ወይም ጧሪ ሲያጣ የሚመጣው ወደኛ ነው። ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የሐኪም ወረቀቱን፣ የፍቺ ውሳኔውን፣ ለገዛ ወንድሙ ያልነገረውን ገመናውን ሁሉ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ነው። እኔ መስኮት ሦስት ላይ ተቀምጬ እቀበላለሁ። ሰዉም ባልደረባም «መስኮት ሦስት» ነው የሚለኝ፤ ስሜን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱ ከኔ ጀርባ ያለውን በር ካለፈ በኋላ ግን የእትዬ መዝገብ ነበር።

እትዬ መዝገብ ያልናት እኛው ነን። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ሹራብ የማታወልቅ ሴት ናት፤ መዝገብ ቤቱ እንደ ጉድጓድ ይበርዳላ። ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ቆልፋ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ፋይል ተከፍቶ እያለ ሰው ከገባባት፣ ዳይሬክተሩም ቢሆን፣ መጀመሪያ ፋይሉን ትከድናለች፤ ከዚያ ነው ደህና አደሩ የምትለው።

አንድ ጊዜ ሽክ ያለ ሰውዬ መጣ። «ባለቤቴ አድራሻ ቀይራለች መሰለኝ፤ ደብዳቤ እንዳይጠፋባት አዲሱን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለ፤ ድምፁ ማር ነው። እኔ ልቤ ራርቶ ወደ እሷ መራሁት።

«ባለቤትህ ከሆነች እሷን ጠይቃት» አለችው።

«ስልኳ አይሠራም እኮ እህቴ።»

«ላንተ እንዳይሠራ ፈልጋ ይሆናላ።»

ማሩ ወዲያው አለቀ። ጮኸ፣ ጠረጴዛ ደበደበ፣ አለቃ ጥሩልኝ አለ። እሷ ወንበሯን አውጥታ የመዝገብ ቤቱን በር ተደግፋ ተቀመጠችና ጥበቃ እስኪመጣ ድረስ ጥፍሯን እያየች ቆየች። በኋላ እንደሰማነው ሚስትየው የሸሸችው ከዱላው ነበር። ያን ቀን ሁላችንም ኮራንባት።

እንዲህ ያለች ሴት የሰው ፋይል ሰርቃ አየች ሲባል ማን ያምናል? እኔም ራሷ እስክትነግረኝ አላመንኩም። የምጽፈውም ከአፏ የሰማሁትንና ጥቂት ደግሞ ራሴ ያየሁትን ነው። «ጻፊው፤ የማንንም ስም ግን እንዳትጠሪ» ብላኛለች።

ነገሩ የቅናት ነገር ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ ታናሽ እህቷ ተወለደች። ሚጡ አሏት፤ አርባ ዓመቷን አልፋም ሚጡ ናት። «ሚጡ ከተወለደች ወዲህ» አለችኝ አንድ ቀን «እናቴን የማስታውሳት ከጀርባዋ ነው። ፊቷ ሁልጊዜ ወደዚያች ልጅ ዞሮ።» አዲስ ጫማ ሲገዛ ለሚጡ፣ ትኩሱ ዳቦ ለሚጡ። ስታኮርፍ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «አንቺማ ታላቅ ነሽ።» ታላቅነቷን በጀርባዋ ተሸከመችው፤ ሚጡንም እንዲሁ፣ ትምህርት ቤት ድረስ።

ጊዜው ሄደ። እትዬ መዝገብ አግብታ ባሏ ሞተባት፤ ልጅም አልወለደች። ሚጡ አላገባችም፤ መንገድ ዳር ሁለት ወንበር ያላት የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈተች፤ ከኋላዋ ባለው ክፍል ትኖራለች። አባታቸው ሲያርፍ እናታቸው ታላቋ ቤት ገባች። ያን ሰሞን እትዬ መዝገብን ያየ ሙሽራ ናት ይላል። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለቀቀችላት፤ ግድግዳውን አስቀባች፤ አልጋ ገዛች። ጠዋት ቁርሷን አቅርባ ነው ሥራ የምትገባው፤ ማታ እግሯን ታጥባታለች። «እንዳትነሺ እማዬ፣ እኔ አለሁ» ነው ቋንቋዋ። በምሳ ሰዓት ደውላ «በላሽ?» ስትል ድምፅዋ ሌላ ሰው ይሆናል።

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ከሰነበቱ በኋላ አንድ እሑድ ሚጡ ታክሲ ይዛ መጣች። እናትየው ልብሷን ጠቅልላ ጠብቃ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች ታላቋ።

«ሚጡ ጋ ልሰንብት ልጄ።»

«ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም። እሷ ብቻዋን ናት።»

«እኔስ ከማን ጋር ነኝ?»

እናትየው ሻርፗን አስተካከለችና ወጣች። ሚጡም «ትመጫለሽ አይደል እትዬ?» ብላ ተከተለቻት።

ከዚያ በኋላ የእትዬ መዝገብ ዓይን የሚጡን ቤት መቁጠር ጀመረ። በሄደች ቁጥር አንድ የሚያንገበግብ ነገር ይዛ ትመለሳለች። ሚጡ ፀጉር ቤቱን በአምፖል ሞላችው፤ «ሰርግ ቤት አስመሰለችው እኮ» አለችኝ። የደረጃውን ጠርዝ ሁሉ ነጭ ቀባችው፤ «ለማማር!» ትሪ የሚያክል ስልክ ገዛች፤ «ለመታየት!» ከሁሉ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ እናቷና ሚጡ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከማዶ ሲመጡ አየች። እጇን አንስታ አውለበለበች። እናትየው የምትረግጠውን እያየች ነበር። ሚጡ ግን ቀና ብላ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይኗን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ትክ ብላ አየቻትና አለፈች።

በማግስቱ ፊቷ ከሰል መስሎ መጣች። «ሰላምታ ነሳችኝ። እማዬን ይዛ፣ እኔን እንደ ምሰሶ!»

«አላየችሽ ይሆናል» አልኳት።

«ዓይኗን እኮ ነው ያየሁት!»

ከወር በኋላ አዲስ ፋይሎች በጋሪ ወደ መዝገብ ቤት ገቡ። ሽፋኑ ላይ ስምና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለጡረታ አረንጓዴ ጥብጣብ፣ ለጤናና ለኑሮ ድጋፍ ሰማያዊ። ባለቤቱ ጥቂት ሰው ብቻ እንዲያየው የጠየቀ ከሆነ ደግሞ ፖስታው ይታሸግና «የተገደበ» የሚል ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል። እትዬ መዝገብ አንዱን አንስታ መደርደሪያው ላይ ልታደርግ ስትል እጇ ደረቀ። የሚጡ ስም፣ የአባታቸው ስም፣ ሰማያዊ ጥብጣብ፣ ቀይ ወረቀት።

«መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርሽ?» አለችኝ። «ደስ አለኝ። ያዝኳት አልኩ። እማዬን ጥገኛ ብላ አስመዝግባ አበል ልትበላባት ነው፤ ለዚህ ነው የወሰደቻት አልኩ። እማዬ ይህን ብታውቅ ሮጣ ወደኔ እንደምትመለስ ሁሉ ታየኝ።»

ፋይሉን ቦታው አስገባችው። አራት ቀን በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን አዞረች። በአምስተኛው ቀን፣ ሁላችንም ለምሳ ስንወጣ፣ እሷ ቀረች። የታሸገውን ፖስታ አልነካችም፤ ቅጂው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ማንኛውንም ፋይል ከመክፈቱ በፊት ለምን ጉዳይ እንደሆነ ቁጥር ይጠይቃል። ጠረጴዛዋ ላይ አድራሻ ለመቀየር ያመለከቱ የአንድ ሽማግሌ ወረቀት ነበር። የእሳቸውን ቁጥር አስገባች። ማስጠንቀቂያ መጣ፦ ይህ ፋይል የተገደበ ነው፤ የሚከፍተው ሰው ስምና ሰዓት ይመዘገባል፤ ይቀጥሉ?

ቀጠለች።

ስለ እናቷ ምንም አልነበረም። አመልካቿ ሚጡ ራሷ ናት። ከማመልከቻው ሥር የዓይን ሐኪም ደብዳቤ ተያይዟል። የጎን እይታዋ ከሁለቱም ዓይን ጠፍቷል፤ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው የምታየው፤ ያም እየደበዘዘ ነው፤ የጠፋው አይመለስም ይላል። በደብዛዛ ብርሃን ጭራሽ አታይም። ከቤት ስትወጣ እጇን ይዛ የምትመራት እናቷ ናት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «መረጃዎን ማን እንዳያይ ይፈልጋሉ?» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ፣ ከመስመሩ ወጥቶ ሽቅብ በሚሄድ ጽሑፍ፣ ሚጡ በእጇ እንዲህ ጽፋለች፦ «እህቴ። እዚሁ ትሠራለች። እኔ ራሴ እስክነግራት ድረስ እባካችሁ።»

አምፖሉም፣ ነጩ ጠርዝም፣ ስልኩም፣ ያቺ የማዶ እይታም በአንዴ ተገለጡላት። «አለቀስሽ?» አልኳት።

«ማልቀስስ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ቀናሁ። አትሳቂ። እማዬ እጇን ይዛ ደረጃ ስታወርዳት ታየኝና በእሱ ቀናሁ። እኔ ጤነኛ ነሽ ተብዬ ዕድሜ ልኬን ማንም እጄን ይዞኝ አያውቅም።»

ከዚያ ወዲያ የደረሰባትን የሚያውቀው የሰው ምስጢር ሰርቆ የያዘ ብቻ ነው። ማወቋ ለምንም አልጠቀማት። አይዞሽ እንዳትል፣ በምን አወቅሽ ልትባል ነው። በሳምንቱ ፍራፍሬ ይዛ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ሚጡ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እያበጠረች ነበር፤ ጣቶቿ ይሮጣሉ፣ ዓይኗን ግን ጨፍናለች። ማበጠሪያው ከእጇ አመለጠና መሬት ወደቀ። ሚጡ ተንበረከከችና ወለሉን በመዳፏ መዳበስ ጀመረች። ማበጠሪያው ከእትዬ መዝገብ ጫማ አጠገብ ነው ያለው። ጎንበስ ብላ ልታነሳው አለችና ተወችው፤ ካነሳችው ማወቋ ይታወቃል። ቆማ አየች። ሚጡ እስክታገኘው ድረስ ስንት ጊዜ እንደዳበሰች ቆጥራለች፤ ለኔ ግን ቁጥሩን መናገር አልቻለችም።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ጸጥታ አስጠራቻት። ወይዘሮ ጸጥታ የምንላት የመረጃ ጥበቃ ኃላፊዋን ነው። ስትራመድ አትሰማም፣ ስትናገር በግድ ነው የምትሰማው፤ በየወሩ ማን የማንን ፋይል እንደከፈተ አንድ በአንድ ታመሳክራለች። ቢሮዋ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት ብቻ ነው። ወረቀቱን ወደ እትዬ መዝገብ አዞረችላት።

«የሽማግሌው ጉዳይ ቁጥር የሌላ ሰው ፋይል ከፍቷል። እርስዎ ነዎት?»

«በስህተት ይሆናል። ቁጥር ተምታቶብኝ።»

«አሥራ አራት ደቂቃ በስህተት?»

እትዬ መዝገብ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ በሹራቧ ሸፈነች።

«የአባት ስማችሁ አንድ ነው» አለች ወይዘሮ ጸጥታ፣ ይበልጥ ዝግ ብላ።

«እህቴ ናት።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። እግዜር ያውቃል፣ ለማንም አልተነፈስኩም።»

«አምናለሁ። ቢሆንም በአሥር ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይደርሳታል።»

ይህንን እትዬ መዝገብ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ያለ ሥራ ፋይሉ የተከፈተበት ሰው እንዲያውቀው ይደረጋል፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ራሷ አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከታ ታውቃለች። ወንበሩን ጨብጣ ለመነች። «ደብዳቤው ይቅርብኝ። ከሥራ አባሩኝ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«ደብዳቤው የእሷ ነው። የእርስዎን ጉዳይ ኮሚቴው ያየዋል። ቀድመው ሄደው ሊነግሯት ከፈለጉ ግን የሚከለክልዎ የለም።»

ልትነግራት ሁለት ጊዜ ተነሳች። አንዴ ከአውቶቡስ ፌርማታ ተመለሰች፤ አንዴ ፀጉር ቤቱ በር ደርሳ እናቷ ስትስቅ ሰማችና ያ ሳቅ እግሯን አሰረው። «እኔ ቤት እንዲህ ስቃ አታውቅም» አለችኝ። ቀኑ አለፈ። ከዚያ ሚጡ ራሷ ደወለች።

«እትዬ፣ ከየት እንደሆነ ያላወቅኩት ደብዳቤ መጥቶልኛል። መነጽሬ ተሰብሮብኛል፣ እማዬ ደግሞ ፊደል አልቆጠረች፤ ከሥራ ስትወጪ ብቅ ብለሽ ታነቢልኛለሽ?»

ስትደርስ እናትየው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ሚጡ ሻይ ቀድታ ነበር፤ ብርጭቆውን በጣቷ ጠርዙን ለክታ እንደሆነ እትዬ መዝገብ አሁን ታያለች። ፖስታውን ሰጠቻት። ቀደደችው። ከላይ እስከ ታች በዓይኗ አየችው። «አድራሻ አረጋግጡ ነው የሚለው» ብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ትችል ነበር፤ አፏ ድረስ መጥቶላትም ነበር። ከዚያ የሚጡን ፊት አየች፤ ጆሮዋን ወደሷ አዘንብላ፣ እንደ ልጅነቷ፣ እስኪነበብላት ትጠብቃለች።

አነበበችው። «ውድ ደንበኛችን፣ ባለፈው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን በምሳ ሰዓት አንድ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ያለ ሥራ ምክንያት የግል ፋይልዎን ከፍቶ ለአሥራ አራት ደቂቃ መመልከቱን አረጋግጠናል። የሐኪም ማስረጃዎም ከታዩት ገጾች አንዱ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን። የሠራተኛውን ማንነት የማወቅና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለዎት።»

ሚጡ ፊቷ ተለወጠ። የሐኪም ማስረጃ የሚለውን እህቷ በማንበቧ ይሁን በነገሩ፣ ለጊዜው አይታወቅም። «ማነው እሱ?» አለች። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

የእናትየው ቢላዋ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች ሚጡ።

«ወር ሊሞላኝ ነው።»

«ማበጠሪያው የወደቀ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ቆመሽ አየሽኝ።»

«ላነሳልሽ ነበር፣ ግን...»

«ቆመሽ አየሽኝ እትዬ!»

ይሄኔ እትዬ መዝገብ ይቅርታ በማለት ፈንታ የአርባ ዓመት ቂሟን ዘረገፈችው። እናቴን ወሰድሽብኝ፣ መንገድ ላይ እንደ ግዑዝ አየሽኝ፣ አምፖልሽ፣ ስልክሽ፣ ያን ሁሉ። ሚጡ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ልነግርሽ ነበር» አለች ከዚያ። «ነጭ በትር ተሰጥቶኛል፤ እየተለማመድኩ ነው። ከለመድኩ በኋላ ብቻዬን፣ ማንም ሳይይዘኝ፣ በእግሬ ቤትሽ ድረስ መጥቼ በርሽን አንኳኩቼ ልነግርሽ ነበር። ያኔ እዪኝ፣ እችላለሁ፣ አትሸከሚኝ ልልሽ። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

እናትየው ድንቹን አስቀመጠች። «አንቺ ቤት ሳለሁ» አለች ለታላቋ «ብርጭቆ እንኳ አላስነሳሽኝም። እንግዳ አደረግሽኝ። እዚህ እጄ ሥራ አለው።»

«እጄን እንድትይዢኝ እኔም መታወር ነበረብኝ?»

«አፍሽን ያዢ!» አለች እናትየው፣ ድምፅዋ ተሰንጥቆ።

ሚጡ አልጮኸችም። «ውጪልኝ እትዬ» አለች። ወጣች። ነጭ የተቀባውን ደረጃ ስትወርድ እንባዋ እግሯን ጋረደባትና ለመውደቅ ትንሽ ቀራት።

በሳምንቱ ሚጡ ከእናቷ ጋር ወደ እኔ መስኮት መጣች። አቤቱታ ልታስገባ ነው። ወረቀቱ ላይ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አሳየኋት፣ እሷ ጣቴን ተከትላ ፈረመች። አንድ የኮሚቴው አባል በዚያ ሲያልፍ ነገሩ ገብቶት ጠጋ አለና «የእህትማማች ጉዳይ ነው እኮ፤ ብትተዪው ምን ይመስልሻል?» አላት።

«እኔና እሷ እንታረቅ ይሆናል» አለችው። «ቁጥራቸውን የወሰደችባቸው ሽማግሌስ? ነገ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ የሌላ ሰው ቢያይስ? አልተወውም።» ስለ ሽማግሌው የነገረቻት ወይዘሮ ጸጥታ ናት፣ ስማቸውን ሳትጠራ። የእሳቸው ጉዳይ እስኪጣራ ታግዶ አዲሱ አድራሻቸው ሦስት ሳምንት ዘግይቶባቸው ነበር።

ኮሚቴው እትዬ መዝገብን ከመዝገብ ቤት አነሳት። የኮምፒውተር ፈቃዷ ተሰረዘ፤ ቁልፉን በፊርማ አስረከበች። አሁን ከመግቢያው በር አጠገብ ቆማ የወረፋ ቁጥር ታድላለች። የመጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ እንደሚያወራባት ያህል አንገቷን ደፍታ ትውል ነበር፤ ደግሞም ያወራ ነበር። በእሷ ቦታ የገባችው ልጅ በሩን ክፍት ትታ ስትወጣ ስታይ ዓይኗ ደም ይለብሳል። «በእሷም ቀናሽ?» አልኳት። «በእሷም» አለችኝ።

አምስት ወር ሚጡ አልደወለችም። በስድስተኛው የእናታቸው ጉልበት አበጠና ደረጃ መውጣት አቃታት። ሚጡ ያኔ ደወለች፤ እንደምን ነሽ አላለችም። «ሐሙስ ሐሙስ ዓይን ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ። መኪና የሚበዛበትን መስቀለኛ መንገድ ገና በበትር አልደፈርኩትም። የምትመጪ ከሆነ ግን አትሮጪብኝም።»

ሄደች። በመጀመሪያው ቀን የሚጡን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ጎተተቻት። ሚጡ መንገዱ መሐል ቆመች። «በግ አይደለሁም። ክንድሽን ስጪኝ፣ የምይዝሽ እኔ ነኝ። አንቺ ግማሽ እርምጃ ቅደሚ፣ ደረጃ ሲመጣ ንገሪኝ፣ በቃ።» ክንዷን ሰጠቻት። መንገዱን ተሻገሩ።

አሁን ስድስተኛ ሐሙሳቸው ነው። ይቅርታ ተባብለው እንደሆነ ጠይቄያት ነበር፤ በቃል አልተባባሉም። ፋይሉ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፤ ሚጡ ራሷ ናት ያዛወረችው፤ የት እንደሆነም አልነገረቻትም።

«ቅናቱስ ለቀቀሽ?» አልኳት ትናንት፣ ሻይ እየጠጣን።

«ኧረ ምን ይለቀኛል!» አለች። «ክንዴን ይዛ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ የምታወራው ስለ እማዬ ጉልበት ነው። እማዬ እንዲህ አለች፣ እማዬ እንዲህ ሳቀች። ቤት ስንደርስ እማዬ መጀመሪያ የእሷን ሹራብ ነው የምታወልቅላት። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።» ሻይዋን ፉት አለችና ሰዓቷን አየች። «ብቻ ባለፈው ሐሙስ ሹራቧን ካወለቀችላት በኋላ እማዬ ድንቹን እንድልጥ ለኔ ሰጠችኝ። ሙሉውን ሳህን።»